የመንጋጋ ዓፅምና የኤስትሮጅን ጉድለት፤ ከሎንዶን ማዕድ እስከ ነጩ አይጥ

የሰው ልጅ በተወለደባት ሰዓት የእናቱን ጡት ለመያዝ የሚከፍተው፣ ዕድሜውን ሁሉ ሲበላና ሲናገር ያለ ዕረፍት የሚያንቀሳቅሰው፣ በዕለተ ሞቱም ወገኖቹ በጨርቅ አስረው የሚገጥሙለት የታችኛው መንጋጋው ሆኖ ሳለ፣ የዓፅምን ደዌ የመረመሩ ሊቃውንት ወደ መንጋጋ ዘልቀው የተመለከቱት የጀርባውን አከርካሪ፣ የጭኑን አንገትና የእጁን አንጓ አንድ በአንድ መርምረው ከጨረሱ በኋላ መሆኑ የሕክምናን ታሪክ ለሚያነብ ሰው የሚያስደንቅ ነገር ነው። ሴት ልጅ ካረጠች በኋላ፣ ማለት የወር አበባዋ ተቋርጦ ከእንቁላል ዕጢዎቿ ይመነጭ የነበረው ኤስትሮጅን የተባለው ንጥረ ቅመም ከጎደለባት በኋላ፣ ዓፅሟ እየሳሳ እንደሚሄድ ዛሬ የማይታወቅበት ሆስፒታል የለም፤ ይህ ጉድለት መንጋጋዋንም ይነካ እንደ ሆነ አጥብቆ የጠየቀ ግን ለረጅም ዘመን ጥቂት ነበር፤ የጠየቀውም የሚተማመንበትን መልስ አላገኘም። የመንጋጋ ዓፅም ሲጎድል ሁልጊዜ ሌላ ተከሳሽ አይታጣምና፦ የድድ በሽታ አለ፣ የተነቀለ ጥርስ አለ፣ ትንባሆ አለ፣ የምግብ ማነስ አለ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል የአንዱን ንጥረ ቅመም ድርሻ ለይቶ ለመፍረድ በሰው ላይ ሊደረግ የማይቻል፣ ቢቻልም ሊደረግ የማይገባ ፈተና ያስፈልግ ነበር። ፈተናው የተደረገው በእንስሳት ላይ ነው፤ የታሪኩም መነሻ፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የዘመናችን ቤተ ሙከራ ሳይሆን፣ ከሁለት መቶ ሰማንያ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት በሎንዶን ከተማ የተዘረጋ አንድ ማዕድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆን ቤልቺየር የተባለ የሎንዶን ቀዶ ሐኪም ጨርቅ በማቅለምና በማተም ይተዳደር ከነበረ አንድ ባለሙያ ቤት ለምሳ ተጋብዞ ሳለ፣ በማዕዱ ላይ የቀረበው የዐሣማ ሥጋ እንደ ማንኛውም ሥጋ ሆኖ ዓፅሙ ብቻ ቀልቶ አየ። ሌላው እንግዳ ተደንቆ የሚያልፈውን ነገር ሐኪሙ ጠይቆ መረመረው፤ ዐሣማዎቹም ከማቅለሚያው ጋን የሚወጣውን፣ ማደር ከተባለው ቀይ ሥር ጋር የተዘፈዘፈውን ፉርሽካ ይመገቡ እንደነበር ተረዳ። ቀለሙ ከሆድ አልፎ ወደ ዓፅም መግባቱን በ1736 ለእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ጽፎ አስታወቀ። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ዓፅምን የሚያስበው አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ሥጋን ተሸክሞ የሚቆም ደረቅ ምሰሶ አድርጎ ነበር፤ የቤልቺየር ቀይ ዓፅም ግን ዓፅም ዕለት ዕለት ከሚበላው ምግብ የሚቀበል፣ ሕይወት ያለው አካል መሆኑን ለዓይን አሳየ።

ፈረንሳዊው ዱሃሜል ዱ ሞንሶ ይህን አንብቦ እንስሳቱን አንድ ሰሞን ማደር እየመገበ፣ አንድ ሰሞን እየከለከለ፣ በዓፅማቸው ውስጥ ቀዩና ነጩ ንብብር ተራ በተራ ሲቀመጥ ተመለከተ። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ስኮትላንዳዊው ጆን ሀንተር ደግሞ ነገሩን ወደ መንጋጋ አመጣው፤ ማደር በተመገቡ ዐሣማዎች ላይ ባደረገው ምርምር ዓፅም የሚያድገው ከውጭ በመደረብ ብቻ ሳይሆን ከሌላው ወገን እየተበላና እየተወሰደ መሆኑን፣ የታችኛውም መንጋጋ ለኋለኞቹ ጥርሶች ስፍራ የሚያገኘው በስተኋላው ዓፅም ሲደረብበት በስተፊቱ ሲነሣለት መሆኑን አስረዳ። ስለ ሰው ጥርስ ተፈጥሮ በ1771 ባሳተመው መጽሐፍ ከተናገራቸው ነገሮች ግን ለእኛ ታሪክ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ጥርስን አቅፎ የሚይዘው የመንጋጋ ጠርዝ የመንጋጋው ነው ከማለት የጥርሱ ነው ማለት ይቀላል፤ ከጥርስ ጋር ይበቅላልና፣ ጥርስም ሲወልቅ አብሮ ይጠፋልና። መንጋጋ እንደ ሌላው ዓፅም በጠቅላላው የሥጋ ሕግ ብቻ የማይገዛ፣ በውስጡ የተተከለው ጥርስና በጥርሱ ላይ የሚያርፈው የማኘክ ኃይል የሚያዝዘው ዓፅም መሆኑን ሀንተር በዓይኑ አይቶ የተናገረው ቃል ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በአይጥ መንጋጋ ላይ እንደ ገና የሚነሣ ነው። በ1864 የካምብሪጁ ጆርጅ ሀምፍሪ በዐሣማ ግልገሎች መንጋጋ ዙሪያ የሽቦ ቀለበት አስሮ፣ ከጊዜ በኋላ ሽቦው በአንድ ወገን በዓፅም ውስጥ ሲቀበር በሌላው ወገን ሲጋለጥ በማየት የሀንተርን ነገር አጸና።

በ1873 ደግሞ አልበርት ፎን ኮሊከር የተባለው የቩርትስቡርግ ሊቅ፣ ዓፅም በሚበላበት ስፍራ ሁሉ ብዙ አስኳል ያላቸው ታላላቅ ሕዋሳት ተጣብቀው እንደሚገኙ በማይክሮስኮፕ ተመልክቶ፣ አፍራሾቹ እነርሱ መሆናቸውን አስታወቀ። ከዚህ በኋላ ዓፅም የሁለት ወገን ሠራተኞች መኖሪያ ሆኖ ታወቀ፤ አንዱ ወገን ይሠራል፣ ሌላው ያፈርሳል፤ ሚዛናቸው እኩል እስከ ሆነ ድረስም ዓፅሙ ጸንቶ ይኖራል።

ሚዛኑን የሚጠብቀው ምን እንደ ሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ሎንዶናዊው ቀዶ ሐኪም ሰር አስትሊ ኩፐር በ1822 ባወጣው መጽሐፍ፣ የጭን አንገት ስብራት በአረጋውያን፣ ይልቁንም በአሮጊቶች ላይ እንደሚበዛ፣ የእነዚህም ሰዎች ዓፅም ሳስቶና ቀልሎ እንደሚገኝ መስክሮ ነበር፤ ነገር ግን ይህን የእርጅና ሁሉ ዕጣ አድርጎ ያየው ዘመን ሴቲቱ ለብቻዋ የምትጎዳበትን ምክንያት ለመመርመር መሣሪያ አልነበረውም።

ከዚህ ላይ ደራሲው ሳያዝን ሊያልፈው የማይችል ምዕራፍ አለ። በ1872 በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት ሮም በምትባል ከተማ የነበረው ሐኪም ሮበርት ባቲ፣ በዚያው ዓመት በጀርመን አልፍሬድ ሄጋር፣ በእንግሊዝም ሎሰን ቴይት፣ የሴቶችን የእንቁላል ዕጢዎች በቀዶ ሕክምና ማውጣት ጀመሩ፤ ቀዶ ሕክምናውም ዕጢው ለታመመባት ብቻ ሳይሆን በወር አበባዋ ለምትሠቃይ፣ መንፈሷ ለታወከባትም፣ የሚጥል በሽታ ለነበረባትም ሁሉ ይደረግ ጀመር። ጤናማ ዕጢ ከወጣት ሴት ሲወጣ በሥጋዋ ላይ ከዓመታት በኋላ የሚደርሰውን ተከታትሎ የመዘገበ ስላልነበረ፣ ከእነዚያ ሴቶች የስንቱ ወገብ እንደ ጎበጠ፣ የስንቱ ጥርስ ያለ ጊዜው እንደ ወለቀ ዛሬ የሚነግረን መዝገብ የለም። እንስሳ በሴት ፈንታ ከመፈተኑ በፊት ሴቲቱ ራስዋ ተፈትና ነበር፤ ውጤቱንም እንኳ የጠየቃት አልነበረም።

ዕጢው ምን እንደሚሠራ የተገለጠው ወደ ዘመኑ ፍጻሜ ነው። ኤሚል ክናወር በቪየና ከተማ በ1896 የጥንቸልን የእንቁላል ዕጢ ከስፍራው አውጥቶ እዚያችው ጥንቸል አካል ላይ በሌላ ቦታ ሲተክለው ማሕፀኗ ሳይሟሽሽ መቅረቱን አሳየ፤ ዮሴፍ ሃልባንም በ1900 በጊኒ ፒግ ይህንኑ አጸና፤ ስለዚህ ዕጢው የሚሠራው በነርቭ ሳይሆን ወደ ደም በሚለቀው ነገር መሆኑ ታወቀ። ያን ነገር ለመያዝ ከሃያ ዓመታት በላይ ፈጀ። በሴንት ሉዊስ ከተማ ኤድጋር አለንና ኤድዋርድ ዶይዚ ከእንስት ዐሣማ የእንቁላል ዕጢ የቀዱትን ፈሳሽ ዕጢያቸው ለወጣባቸው አይጦች በመውጋት፣ የጠፋው የእንስትነት ትእምርት በብልታቸው ላይ እንደሚመለስ በ1923 አስታወቁ፤ በ1929 ዶይዚ በአሜሪካ፣ አዶልፍ ቡተናንት በጀርመን፣ አንዱ ከአንዱ ሳይማከር፣ ከኤስትሮጅን ዓይነቶች አንዱ የሆነውን፣ ኤስትሮን የተባለውን ንጥር ከነፍሰ ጡር ሴቶች ሽንት አጥርተው አወጡት። ከዚህ በኋላ ሊቃውንት ዕጢውን ማውጣት ብቻ ሳይሆን የጎደለውን መመለስም ቻሉ፤ ያለዚህ ሁለተኛ እርምጃ የመጀመሪያው እርምጃ ማስረጃ አይሆንም ነበር።

ወደ ዓፅም መንገዱን ያሳዩት እርግቦች ናቸው። በ1934 ካይስና ፖተር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ እንስት እርግብ እንቁላል ልትጥል ስትቃረብ የዓፅሟ ቅልጥም ክፍት ቦታ በአዲስ ዓፅም እንደሚሞላ፣ ይህም የእንቁላሏ ቅርፊት የሚሠራበት ግምጃ ቤት እንደ ሆነ ተመለከቱ፤ በ1938 ፋይፈርና ጋርድነር ኤስትሮጅን በተወጉ እርግቦች ላይ ይህንኑ ለውጥ በእጃቸው አመጡት። የቦስተኑ ሐኪም ፉለር ኦልብራይት የእርግቦቹን ዜና ያውቅ ነበር። አከርካሪያቸው ሳስቶ የተቀመጠባቸውን ሕሙማን ሲቆጥር፣ ከስድሳ አምስት ዓመት በታች ከሆኑት 42 ሰዎች መካከል 40ዎቹ ያረጡ ሴቶች ሆነው አገኛቸው፤ በ1940ና በ1941 ባወጣቸው ጽሑፎችም የሴቶችን የዓፅም መሳሳት ከኤስትሮጅን መጉደል ጋር አያይዞ አንድ ደዌ አድርጎ ለየው። እርሱ ጉድለቱ ዓፅም ሠሪዎቹን ሕዋሳት የሚያዳክም መስሎት ነበር፤ በኋላ የተደረገው ምርምር ግን ከሁሉ በፊት የሚበረታው የአፍራሾቹ ሥራ መሆኑን አሳይቷል። ይህ የኦልብራይትን ክብር አይቀንስም፤ የፓርኪንሰን ደዌ እጁን እያንቀጠቀጠበት፣ አንደበቱን እያሰረበት ለብዙ ዓመታት ሕሙማኑን ያየ ሰው ነበር፤ በ1956 ለዚሁ ደዌ በአንጎሉ ላይ ከተደረገለት ቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ጤናው ሳይመለስ በ1969 ዐረፈ።

በ1973 የግላስጎው ሐኪሞች የእንቁላል ዕጢያቸው በወጣትነታቸው የወጣባቸው ሴቶች ዓፅማቸው እንደሚሳሳ ለክተው አሳዩ፤ በ1976ም ከዚያችው ከተማ ኤስትሮጅን ይህን መሳሳት ሊከለክል እንደሚችል ተነገረ። ቤተ ሙከራው ግን ቀድሞ ነበር፤ በ1969 ሳቪል የተባለ ተመራማሪ ዕጢዋ የወጣባትን እንስት አይጥ የዚህ ደዌ አምሳያ አድርጎ አቀረባት። ነጩ አይጥ ለምርምር በሥርዓት መርባት የጀመረው በ1906 በፊላደልፊያ በዊስታር ተቋም ሲሆን፣ ስፕራግ ዶውሊ የሚባለው ዝርያም በ1925 በዊስኮንሲን ግዛት ማዲሰን ከተማ ተነሥቶ በዓለም ሁሉ ተበትኗል። አይጥ የወር አበባ የላትም፤ የመራቢያ ዑደቷ አራት ወይም አምስት ቀን ነው፤ በእርጅናዋም እንደ ሴት ፈጽማ አታርጥም። ዕጢዋ በወጣባት ጊዜ ግን በቅልጥሟ ራስ ውስጥ ያለው ስፖንጅ መሰሉ ዓፅም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲፈርስ ይታያል፤ ዕድሜዋም አጭር ነውና በሴት ልጅ አሥር ወይም ሃያ ዓመት የሚወስደው ነገር በእርስዋ በወራት ይገለጣል። በቴክሳስ የሠራው ዲኬ ካሉ በ1991 ይህን አምሳያ መርምሮ ጠቀሜታውንም ድካሙንም ጻፈ፤ በ1994 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ማንኛውም አዲስ የዓፅም መሳሳት መድኃኒት ወደ ሴቶች ከመድረሱ በፊት ዕጢዋ በወጣባት አይጥና ከእርስዋ በሚበልጥ ሌላ እንስሳ እንዲፈተን መመሪያ አወጣ።

በዚህ ሁሉ ዘመን መንጋጋ ወዴት ነበር? የጥርስ ሐኪሞች ጥያቄውን ጨርሰው አልረሱትም። በ1960 ግሩንና ባልደረቦቹ የዓፅም መሳሳት ባለባቸው ሕሙማን ላይ፣ የድድ መቆጣት ሳይኖር የጥርስ ማቀፊያው ዓፅም ሲመነምን ማየታቸውን ጻፉ፤ በ1980ዎቹ ፍጻሜም በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች ዓፅማቸው የሳሳ ሴቶች በመንጋጋቸው ያለው የዓፅም መጠን ያነሰ፣ ጥርሳቸውም ብዙ የወለቀ መሆኑን አመለከቱ። ነገር ግን ጥርስ የወለቀባት ሴት መንጋጋዋ የመነመነው ንጥረ ቅመሙ ስለ ጎደለ ነው ወይስ ጥርሱ ስለ ወለቀ? ጥርሱስ የወለቀው ማቀፊያው ስለ ሳሳ ነው ወይስ ድዷ ስለ ታመመ? ሁለቱ ነገሮች በአንድ አፍ ውስጥ እየተጠላለፉ የሚኖሩ በመሆናቸው አንዱን ከሌላው የሚለይ ዳኛ አልተገኘም ነበር።

በ1995 ኤሎቪክ፣ ሂፕና ሄይስ በቦስተን ያወጡዋቸው ሁለት ጽሑፎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሌሎቹ ይልቅ ቆም ብሎ ማየት የሚገባቸው ናቸው። የሥራው አካሄድ ይህ ነው፤ በዕድሜና በዝርያ እኩል የሆኑ እንስት አይጦች ለሁለት ይከፈላሉ፤ የአንደኛው ክፍል አይጦች በሰመመን ተኝተው የእንቁላል ዕጢዎቻቸው ይወጣሉ፤ የሁለተኛው ክፍል አይጦችም እንዲሁ ተኝተው ሆዳቸው ተከፍቶ ምንም ሳይወጣ መልሶ ይሰፋል፤ ይህም የቁስሉና የሰመመኑ ጉዳት በሁለቱም ላይ እኩል እንዲሆን፣ የሚቀረው ልዩነት የንጥረ ቅመሙ ብቻ እንዲሆን ነው። ዕጢዋ የወጣባት አይጥ ብዙ ስለምትበላና ስለምትሰባ፣ ውፍረቷ ራሱ ዓፅምን እንዳያደነድን ጠንቃቃው ተመራማሪ ምግቧን በሚዛን ይሰፍራል። በሥራው ፍጻሜ መንጋጋው ይወጣል፣ በስስ ይቆረጣል፣ ከቁራጩ ስፋት ስንቱ ዓፅም፣ ስንቱ ክፍት ቦታ እንደ ሆነ ይለካል። በመጀመሪያው ጽሑፍ ዕጢያቸው የወጣባቸው አይጦች በታችኛው መንጋጋቸው ያለው የዓፅም ድርሻ ከሌሎቹ አንሶ ተገኘ፤ ትንባሆ የማያጨሱ፣ ጥርሳቸውን ማንም ያልነቀለባቸው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት መኖ የሚበሉ እንስሳት በመሆናቸውም ለዚህ ማነስ ሌላ ተከሳሽ ማቅረብ አስቸጋሪ ሆነ።

ሁለተኛው ጽሑፍ ግን ለእኔ ይበልጥ ታላቅ ሆኖ ይታየኛል። ተመራማሪዎቹ በዚህ ጊዜ የላይኛውን መንጋጋ ኋለኞች ጥርሶች ነቀሉ፤ የታችኞቹን አልነኩም። የታችኛው ጥርስ በስፍራው እያለ ተጋጣሚ ስላጣ፣ በማኘክ ጊዜ የሚያርፍበት ኃይል ቀረበት። ይህ በሆነ ጊዜ የታችኛው መንጋጋ ዓፅም ኪሳራ ዕጢያቸው በወጣባቸው አይጦች ላይ ይልቁን በረታ። እንግዲህ ኤስትሮጅን መጉደሉና የማኘክ ኃይል መቅረቱ፣ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ሆነው ሳሉ፣ በአንድ ዓፅም ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን የሚያበረታ ሆኑ። ሀንተር ጥርስ ሲጠፋ ማቀፊያው ይጠፋል ያለውን፣ ኦልብራይትም ንጥረ ቅመሙ ሲጠፋ ዓፅሙ ይሳሳል ያለውን፣ አንዲት ታናሽ አይጥ በአንድ መንጋጋ አገናኘቻቸው።

ከዚያ ወዲህ የተከተለው ምርምር ያሳየው ነገር መንጋጋ በሁሉ ስፍራ እኩል እንደማይጎዳ ነው። በ2000 ከጃፓን ኒጋታ ከተማ የወጣው ጽሑፍ ዕጢዋ በወጣባት አይጥ የመንጋጋ መታጠፊያ ራስ ውስጥ እንኳ ለውጡ ከስፍራ ስፍራ የሚለያይ መሆኑን አሳየ፤ በ2007 ደግሞ የጄኔቫዎቹ ማቭሮፑሎስ፣ ሪዞሊና አማን፣ ዕጢ የማውጣትንና ፕሮቲን የጎደለው መኖ የመመገብን ጉዳት በቅልጥምና በጥርስ ማቀፊያ ዓፅም ላይ ጎን ለጎን ለክተው፣ መንጋጋው ከቅልጥሙ ያነሰ መጎዳቱን አገኙ። ልዩነቱን የተረጎሙት በማኘክ ነው፤ ዕለት ዕለት የሚያርፍበት ኃይል ማቀፊያውን ከሙሉው ጉዳት ይጠብቀዋል። ለብዙ ዓመታት አንዱ ተመራማሪ መንጋጋ ተጎዳ ሲል፣ ሌላው አልተጎዳም ሲል የነበረው ክርክር ከፊሉ በዚህ ይፈታል፤ አንዱ የሚለካው የጥርሱን ሥር አጠገብ ነው፣ ሌላው መታጠፊያውን፤ አንዱ ለስላሳ መኖ ይመግባል፣ ሌላው ጠጣር፤ አንዱ ከወር በኋላ ይመለከታል፣ ሌላው ብዙ ወራት ይታገሣል። መንጋጋ ከቅልጥም ዘግይቶ የሚጎድል ዓፅም በመሆኑ፣ ቶሎ የቸኮለ ሰው ምንም አላየሁም ብሎ ቢመሰክር ሐሰተኛ አይባልም፤ ያልደረሰበት ጊዜ ነበርና።

ጉዳቱ በምን መንገድ እንደሚደርስ ያለውን ምሥጢር ደግሞ የሕዋስ ሊቃውንት ፈቱት። በ1988 ዓፅም ሠሪዎቹ ሕዋሳት ራሳቸው ኤስትሮጅንን የሚቀበሉ መሆናቸው ታወቀ፤ በ1990ዎቹ ኤስትሮጅን ሲጎድል አፍራሾቹን የሚያበዙ የሕዋስ መልእክቶች እንደሚበረቱ በአይጥ ላይ ታየ፤ በ1997ና በ1998 ደግሞ ራንክ ሊጋንድና ኦስቲዮፕሮቴጀሪን የተባሉት ሁለት ፕሮቲኖች ተገለጡ። የመጀመሪያው አፍራሹን ሕዋስ ይወልዳል፣ ያሰማራል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይዞ ከሥራው ይከለክለዋል። ኤስትሮጅን ሲኖር ከልካዩ ይበረታል፤ ሲጎድል አሰማሪው ያሸንፋል። በድድ በሽታም ጊዜ ዓፅሙን የሚያፈርሱት እነዚሁ አፍራሽ ሕዋሳት፣ የሚያሰማራቸውም ይኸው ፕሮቲን በመሆኑ፣ ያረጠች ሴት የድድ በሽታ ሲይዛት ሁለት መንገዶች በአንድ በር የሚገናኙባት ለምን እንደ ሆነ በዚህ ይታወቃል።

ከአይጥ ወደ ሌሎች እንስሳት የተላለፈው ሥራ አነስተኛ ነው፤ ብዙ ወጪና ብዙ ዓመታት ይጠይቃልና። በ1997 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ዕጢያቸው የወጣባቸውን በጎች ይዘው የመላውን ዓፅምና የጥርስ ማቀፊያውን ጥግጋት በአንድነት መረመሩ፤ በ2007 ደግሞ ከጃፓን የወጣ ጥናት ዕጢያቸው በወጣባቸው ጦጣዎች ላይ የጥርስ ማቀፊያው ዓፅም መሳሳት ከአከርካሪው መሳሳት ጋር እንደሚተባበር አሳየ። የጦጣው ምስክርነት ይበልጥ ይከብዳል፤ ወር አበባ ያላት፣ ጥርሷና ዓፅሟም የሰውን የሚመስል ፍጥረት ናትና። አይጥ ግን በመንጋጋዋ በየወገኑ ያሏት ኋለኞች ጥርሶች ሦስት ናቸው፤ የፊት ጥርሷ ዕድሜዋን ሁሉ ያድጋል፣ ሥሩም ከኋለኞቹ ጥርሶች በታች አልፎ መንጋጋውን ያቋርጣል፤ ጠጣሩ ዓፅሟም በሰው እንደሚታየው ራሱን በውስጡ አያድስም። ስለዚህ በአይጥ መንጋጋ የተገኘውን መጠን ወስዶ ሴት ልጅ ይህን ያህል ታጣለች ብሎ መናገር ስሕተት ነው፤ ከአይጥ የምንቀበለው የምክንያቱን መኖርና የሥራውን አካሄድ ነው።

ሕክምናው ራሱ ይህን ጥንቃቄ በጽኑ አስተምሯል። በ2002 በአሜሪካ ኤስትሮጅንን ፕሮጀስቲን ከተባለው ሌላ ንጥረ ቅመም ጋር ላረጡ ሴቶች የሰጠው ታላቅ ጥናት፣ የስብራት ቁጥር ቢቀንስም የጡት ካንሰር፣ የልብና የአንጎል ደም ሥር ደዌ ስለ ጨመረ በመካከሉ ቆመ። በ2003 ደግሞ የፍሎሪዳው የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ሮበርት ማርክስ፣ ዓፅም አፍራሾችን የሚያቆሙ ቢስፎስፎኔት የተባሉ መድኃኒቶች በወሰዱ ሕሙማን ላይ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ በካንሰር ምክንያት ከፍ ባለ መጠን የወሰዱ ነበሩ፣ የመንጋጋ ዓፅም ሞቶ በአፍ ውስጥ ሲጋለጥ ማየቱን አስታወቀ። ዓፅምን ለማዳን የተሰጠው መድኃኒት መንጋጋን መጉዳቱ፣ ይህ ዓፅም ለብቻው ሊጠና እንደሚገባው ለዘመናት ሲከራከሩ የነበሩትን ጥቂት ሰዎች ነገር በሚያሳዝን መንገድ አጸደቀ።

ዛሬ ጥያቄው ከቤተ ሙከራ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ክፍል ገብቷል። የፊንላንዱ ክሌሜቲ በ1994 በሙሉ መንጋጋ ራጅ ላይ የሚታየውን የታችኛውን መንጋጋ ጠጣር ጠርዝ በሦስት ደረጃ ከፈለው፤ ጠርዙ ለስላሳና ጽኑ የሆነ፣ ጥቂት የተበላ፣ ብዙ የተቦረቦረ እያለ። በጃፓን የሂሮሺማው ታጉቺ፣ በአውሮፓም ኦስቲዮደንት በተባለው የጋራ ጥናት የተባበሩት ሐኪሞች፣ ይህ ጠርዝ በሳሳባቸው ሴቶች የጭንና የአከርካሪ ዓፅምም ብዙ ጊዜ ሳስቶ እንደሚገኝ አሳይተዋል፤ የጠርዙ ውፍረት ከ3 ሚሊሜትር በታች ሆኖ የተገኘባት ያረጠች ሴት ዓፅሟ በልዩ መሣሪያ እንዲለካ ወደ ሌላ ሐኪም መላክ እንደሚገባት የሚመክሩ አሉ። ጥርሷን ልታስነቅል የመጣች ሴት፣ አከርካሪዋ ከመሰበሩ ከዓመታት በፊት፣ አደጋውን ከገዛ መንጋጋዋ ራጅ ላይ የምትሰማበት መንገድ በዚህ ተከፍቷል።